ካቴና በጥሶ መጣ

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሥራ አረፈድኩ። ለአለቃዬ ደወልኩና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መንገድ ላይ ካቴና ተበጥሶብኝ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነው ያሰረህ?» አሉኝ።

ቢሮ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። «ካቴና በጥሶ መጣ» ተብሏል። የጥበቃው ሰውዬ እንኳ በአክብሮት ነው ያሳለፉኝ።

አይፈረድባቸውም። ጣሊያን ፍሪሲዮንና ማርሽ የሚሉትን ቃላት ትቶልን ሲሄድ፣ ካቴናንም ለእጅ ማሰሪያና የሞተርን የኋላ ጎማ ለሚያዞረው ሰንሰለት አንድ ላይ አውርሶን ሄደ። ሞተር የማይነዳ ሰው ካቴና ሲባል ፖሊስ ነው የሚታየው።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ለሞተር ትመቻለች። ሊብሬው በኔ ስም ነው፤ ቁልፉ ግን የሰፈሩ ነው። የአክስቴ ልጅ «አምስት ደቂቃ» ብሎ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ ይወስደዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁም ሞተሩም ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ ይመጣሉ። የእድራችን ፀሐፊ ደግሞ «ለቅሶ አለ» ብለው ይመጣሉ። ለቅሶ እንዴት እምቢ ይባላል? ዘንድሮ በዚያ ሞተር ስንት ሰው እንደቀበርን የምናውቀው እኔና ካቴናው ነን። አንዳንዱ ሲመልስ ቤንዚን ጠብ ያደርግበታል። ካቴናውን ዘይት የቀባ ሰው ግን አላየሁም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልቀባሁም።

ደግሞ ሳይናገር አልተበጠሰም። ሦስት ወር ሙሉ «ቀጭ ቀጭ» ሲል ከርሟል። ጀበና ቡና ጋ ሳቆመው የሰማ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ኩሽኔታ ነው» አለ። ሌላው «ቫልቭ ነው፣ ጆሮዬ አይስትም» አለ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ስኒ እያጠበች «ካቴናው ደርቆ ዝጓል እኮ፣ አታዩትም?» አለች። ሳቅንባት።

ያም ሆኖ አንዱ ወዳጄ ቁልፍ አምጥቶ አጠበቀልኝ። እንደ ክራር ጅማት ወጠረው። «በቃ፣ አሁን ለዓመት ነው» አለኝ። ለአሥር ቀን ሆነ።

መናኸሪያው አካባቢ ስደርስ «ቷ!» አለ። ከዚያ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ የቆምኩበት ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ትዝ አለኝ። ዕድለኛ ነኝ፤ ካቴናው አስፋልት ላይ ተዘረገፈ እንጂ የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ቢቆልፈው ኖሮ ወሬዬን የሚያወራው የእድሩ ፀሐፊ ነበር፣ ያውም በሞተሬ እየዞረ።

እየገፋሁ ጋራዥ ስሄድ አራት ሰው «ቤንዚን አለቀብህ?» አለኝ። አምስተኛው «ስፖርት ጀመርክ እንዴ?» አለ።

መካኒኩ ካቴናውን አነሳና በጎኑ ያዘው። እንደ ሞተ እባብ ተዘለዘለ። አዲሱን በጎኑ ቢይዙት ደረቅ ብሎ ይቆማል።

«ተለጥጧል ማለት ነው?» አልኩት።

«ብረት አይለጠጥም፤ ተበልቷል» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየመጋጠሚያው አንዲት ፒን አለች። ዘይት ስታጣና አሸዋ ሲገባባት ትሞረዳለች። የአንዷ መበላት ለዓይን አይታይም፤ ከመቶ በላይ ሲደመር ግን ካቴናው ይረዝማል። መፈተኛውም ቀላል ነው። ከኋላው ጥርስ፣ ማለትም ካቴናው ከሚዞርበት ጥርሳም ብረት ላይ ካቴናውን ወደኋላ ሳብ ማድረግ ነው። ግማሽ ጥርስ ከታየ አብቅቶለታል። ውጥረቱን ነገርኩት። ሳቀ። የታችኛው መስመር መሃሉ ላይ በጣት ሲነካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መጫወት አለበት አለ፤ ሰው ሲቀመጥበት ይብስ ይወጠራላ! እኛ ደግሞ አንዳንዴ ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው።

«በል አንድ ሁለት ቀለበት ቆርጠህ ግጠምልኝ» አልኩት።

ጥርሱን አሳየኝ። እንደ ማጭድ ጎብጧል። «እዚህ ላይ አዲስ ካቴና ብገጥም በወራት ይበላዋል። የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ ይቀየራል። አሮጌውን ቆርጬ ገጥሜ ስሜን አላጠፋም» አለ። ኪሴን ግን አጠፋው።

መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ ባለሱቁ። የስልኬን ነገርኩት። የካቴናውን ነበር የጠየቀኝ፤ 428 ነው፣ ከፒን ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ «ኦርጂናል ነው ወይስ ዋናው ኦርጂናል?» አለኝ። ልዩነቱን ስጠይቀው ዋጋውን ነገረኝ።

አሁን ሰው ሆኛለሁ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ወዲያው፣ ደጃፌ ላይ ተንበርክኬ በላምባና በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ አጥበዋለሁ። በጨርቅ አደርቅና ጎማውን በእጄ እያሽከረከርኩ ከውስጥ በኩል ዘይት አጠጣዋለሁ። ሞተር አስነስተው፣ ማርሽ አስገብተው የሚጠርጉ ሰዎች አሉ። ሲጨብጡህ ጣታቸውን ቁጠር። ሚስቴ በመጀመሪያው እሑድ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ «ለኔ ጫማ እንኳ ጠርገህ አታውቅም» ብላ ገባች።

በማግስቱ ማታ የእድሩ ፀሐፊ መጡ። «ለቅሶ አለ፣ አቶቴ ደርሼ ልምጣ» አሉ። ሰጠኋቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተሩን እየገፉ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ተመለሱ። ደንግጬ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

«እንጃ ልጄ» አሉ፣ በመሐረብ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ድምፁ ጠፋብኝ። ሳይሰበር ብዬ ከአቶቴ ጀምሮ ገፋሁት።»