አንድ ዋንጫ ስንት ዓመት ያኮራል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የኬንያ የሰባት ሰው ራግቢ ብሔራዊ ቡድን፣ በቅጽል ስሙ ሹጃ፣ በዓለም መድረክ ያስመዘገበው ውጤት ያኮራል ወይስ አያኮራም? "ያኮራል" የሚሉት ደሴ ውስጥ የስፖርት መምህር ናቸው። "አያኮራም" የምትለው ድሮ ተማሪያቸው የነበረች፣ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት።

መምህሩ፦ እኔ የምጀምረው ከአንድ እሁድ ነው። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2016 (ከዚህ በኋላ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቴሌቪዥኑ በየከተማው የሚዞረውን የዓለም ተከታታይ ውድድር የሲንጋፖር ዙር ፍጻሜ ያሳያል፣ ኬንያ ከፊጂ። አስተናጋጁ ወደ እንግሊዝ ኳስ ሊቀይረው ሪሞቱን ይዞ ቆሟል። "ልጄ፣ ይሄ ጨዋታ አጭር ነው፣ ትንሽ ታገሠኝ" አልኩት። ታገሠኝ። ከዚያ ራሱም ትሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። 30 ለ 7! ኬንያ ፊጂን! ራግቢን ለማያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልንገረው፦ ያቺው ፊጂ ከአራት ወር በኋላ ሪዮ ላይ ብሪታንያን 43 ለ 7 አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ኬንያ የረታችው የዓለምን ቁንጮ ነው። ደግሞ ድንገት የመጣ ነገር አይደለም። በ2009 ዱባይ፣ በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ የዋንጫውን ባለቤት ፊጂን 26 ለ 7 ረትተው ግማሽ ፍጻሜ ገብተዋል። በ2013 ሞስኮ ላይም ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። ኮሊንስ ኢንጄራ የሚባለው ልጃቸው (ስሙን ስሰማ የእኛው ሰው ይመስለኛል) በ2016 በዚሁ ተከታታይ ውድድር ታሪክ ብዙ ትራይ (ኳሱን ይዞ ከተጋጣሚው መስመር አልፎ መሬት ማስነካት) ያስቆጠረ ተጫዋች ሆኖ ነበር፣ ሲያቆም ከ270 በላይ ነበረው። ከጎረቤታችን የወጣ ቡድን ነው እኮ። እንዴት አያኮራም?

እሷ፦ ቲቸር፣ ያቺን እሁድ ማንም አይነጥቅዎትም። ግን እዚያው 2016 ላይ ትንሽ እንቆይ። ፊጂን በ30 ለ 7 ያሸነፈው ቡድን ሪዮ ሄዶ በጃፓን 31 ለ 7 ተሸነፈ። ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፎ 11ኛ ወጣ። ቶኪዮ ላይ ሦስት የምድብ ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ 9ኛ። ፓሪስ 2024 ላይም እንደዚያው፣ ሦስት ሽንፈት፣ 9ኛ። ይደምሩት። ሦስት ኦሎምፒክ፣ ዘጠኝ የምድብ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ሽንፈት። በ2018 ቫንኩቨርና ሆንግ ኮንግ ፍጻሜ ደረሱ፣ ሁለቱንም ፊጂ ወሰደችው። የዓለም ተከታታይ ውድድር ላይ ያነሱት ዋንጫ ያ የሲንጋፖሩ ብቻ ነው። በ2023 ደግሞ ለንደን ላይ በካናዳ 12 ለ 7 ተሸንፈው፣ ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ከቆዩበት ከዚሁ ተከታታይ ውድድር መድረክ ወረዱ። እኔ የሚያናድደኝ ልጆቹ አይደሉም። ልጆቹማ ይሮጣሉ። በ2018 ፓሪስ ላይ ገንዘባችን አልተከፈለንም ብለው የማልያውን የስፖንሰር ጽሑፍ ሸፍነው የተጫወቱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ቢሮ የተቀመጠው ሰው "ፊጂን አሸንፈናል እኮ" በሚለው ወሬ ተከልሎ ስንት ዓመት ኖረ? እኛ አገርስ በአንድ የድሮ ዋንጫ ስንት ዓመት ስንኩራራ ኖርን? ለዚህ ነው ያኮራል ማለት የሚከብደኝ።

መምህሩ፦ የክፍያውን ነገር አልከራከርሽም፣ እውነትሽን ነው። ግን ዘጠኙን ሽንፈት ስትቆጥሪ ወደ ኦሎምፒክ የሚገባው 12 ቡድን ብቻ መሆኑን ዘለልሽው። ኬንያ የገባችው በአፍሪካ ማጣሪያ አልፋ ነው። ለንደን ላይ በወረዱ በአራት ወር፣ መስከረም ላይ ሐራሬ ሄደው በማጣሪያው ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካን 17 ለ 12 አሸነፉ። ያቺው ደቡብ አፍሪካ በሌላ በር ገብታ ፓሪስ ላይ ነሐስ ወሰደች! በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማድሪድ ላይ ጀርመንን 33 ለ 15 ረትተው ወደወረዱበት መድረክ ተመለሱ። ወድቆ መነሳት ውጤት አይደለም?

አንድ ነገር ደግሞ ላጫውትሽ። ሆጤ ሜዳ ላይ፣ ከጦሳ ጉሙ ወርዶ ሳይገፈፍ፣ ልጆቼን ይሄን ጨዋታ አስሞክሬያቸው ነበር። ኳሱ የጨርቅ ነው። ሕጉ ኳስ በእጅ ወደፊት መወርወር ይከለክላል፣ ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ብቻ። አንዱ ልጅ ኳሷን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይሮጣል፣ ጓደኛው ከፊት ሆኖ "ስጠኝ!" ይለዋል፣ እጁ ወደፊት ተዘረጋ፣ ከዚያ ትዝ አለውና ዞሮ ከኋላው ለምትሮጥ ልጅ ወረወረላት። ገና አንድ ሳምንቱ ነው። ስንት ዓመት ቢሠራበት ነው እንግዲህ እነኢንጄራን የሚያክል የሚወጣው? 15 ሰው በሚጫወትበት ሜዳ ላይ ሰባት ሆኖ መሮጥ ቀላል መሰለሽ?

እሷ፦ ቀላል አላልኩም። የልጁን ነገር ሲነግሩኝ እንዲያውም ሆዴ ባባ። ግን ቲቸር፣ ፊጂ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። በሦስት ኦሎምፒክ ሁለት ወርቅና አንድ ብር አላት። የኬንያ ሕዝብ የእሷን ሃምሳ እጥፍ ያልፋል። አንድ ቡድን ፊጂን ማሸነፍ እንደሚችል ካሳየ እኔም የምለካው በፊጂ ነው። "ለአፍሪካ ይበቃል" ማለት ለልጆቹ ንቀት ነው የሚመስለኝ።

መምህሩ፦ ፊጂ ውስጥ እኮ ራግቢ እንጀራም ሃይማኖትም ነው፣ ሕፃን ሁሉ ሲሮጥ ኳስ ይዞ ነው። ኬንያ ውስጥ ሯጩን አትሌቲክስ፣ ተመልካቹን እግር ኳስ ይወስደዋል። በተረፈው ነው ይሄ ሁሉ የተሠራው። አብሽሪ፣ ይመጣል።

እሷ፦ ይምጣ! እኔም ደስ ይለኛል። ሎስ አንጀለስ 2028 ገብተው አንድ የምድብ ጨዋታ ያሸንፉና ደሴ ድረስ ወጥቼ፣ እዚያችው ፒያሳ ሻይ ቤት ቡናውን እኔ ነኝ የምጋብዝዎት። እስከዚያ ግን ዘጠኙን ሽንፈት አልሰርዝም።