ሹቢልን ለማየት መቅረብ ምን ያደርጋል?

ሹቢል አይቶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያወራው ምን ያህል እንደቀረበው ነው። ይህ መለኪያ ወፉን ይጎዳል፤ ተመልካቹንም ዋናውን ነገር ያስመልጠዋል።

ሹቢል ቁመቱ ከ110 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ግራጫ፣ መንቆሩ የእንጨት ጫማ የሚመስል የረግረግ ወፍ ነው። የሚያድነው ቆሞ በመጠበቅ ነው። ረጃጅም ጣቶቹን በተንሳፋፊው ሣር ላይ ዘርግቶ ሳይነቃነቅ ይቆያል። አጥብቆ የሚፈልገው ሳንባ ያለውን ዓሣ ነው፤ ዓሣው ደግሞ አየር ለመሳብ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ያኔ ወፉ በመላ አካሉ ይወድቅበታል። መንቆሩ ሲነሳ ዓሣና ሣር አብሮ ታፍሶ ይወጣል። ራሱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ ሣሩን ያራግፋል፤ ከዚያ በስለታሙ የመንቆሩ ጠርዝ የዓሣውን ራስ ቆርጦ ይውጠዋል። ታንኳ አጠገቡ ከደረሰ ግን ወፉ ተነስቶ ይሄዳል፤ የጠበቀበት ሰዓት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ለማየት የሚቀለው በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለው የማባምባ ረግረግ ነው፤ ከኢንቴቤ ብዙም አይርቅም። ጧት 1 ሰዓት ላይ ታንኳ ውስጥ ሁኑ። ፀሐይ ሲበረታ ወፉ ደንገሉ ውስጥ ይገባል፣ ወይም በሞቃቱ አየር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ አርፍደው የሚሄዱት ሳያዩ የሚመለሱት ለዚህ ነው። እዚያው ኡጋንዳ ባለው በመርቺሰን ፎልስ ፓርክ፣ ናይል አልበርት ሐይቅ በሚገባበት በኩልም ይገኛል። ጋምቤላ ውስጥ የታየው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ እሱን ብሎ መሄድ አያዋጣም።

ቀዛፊው የሚጠጋው ጎብኚው ደስ ብሎት ጉርሻ እንዲጨምርለት ነው። ስለዚህ ገና ሳትነሱ “ከ30 ሜትር አንቅረብ፣ ጉርሻህ አይቀርም” በሉት። ሞተር ካለ ከሩቅ ይጥፋ። ጥሩ ቢኖኩላር ይዛችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

ጎጆ ላሳያችሁ የሚል ካለ እምቢ በሉ። ሙቀት ሲበረታ ወላጁ በመንቆሩ ውኃ እየቀዳ እንቁላሉ ላይ ያፈሳል፤ በሰው ተባርሮ ከራቀ እንቁላሉ ለፀሐይ ይጋለጣል። ከሚፈለፈሉትም ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። የታወቀ ጎጆ ደግሞ ጫጩት ለሚሸጡ ሰዎች በር ይከፍታል። በዛምቢያው የባንግዌሉ ረግረግ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ተቀጥረው ጎጆ የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ የጎብኚ ገንዘብ መዋል ያለበትም ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።