ፈንጣጣ የጠፋው በወረቀት አይደለም

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ እንግዳ "ፈንጣጣ መቼ ጠፋ? ስሙን ቀይረው ኤምፖክስ አሉት እንጂ። ያኔ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሲዋጉ ማን አይቶ ነው ጠፋ ያለው? ወረቀት ፈርመው ሄዱ" አለ። አዘጋጁም "እውነትም!" ብሎ ሙዚቃ ለቀቀ። ሹፌሩ ሳቀ፣ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ከኤምፖክሱ ልጀምር። በግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ ሲገኝ "የዝንጀሮ ፈንጣጣ" መባሉ ይሆናል ሰውዬውን ያሳተው። ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። ፈንጣጣ ከሰው ሌላ ማደሪያ የለውም። ኤምፖክስ ግን የዱር እንስሳት ጋ ይኖራል። የአጎትህ ልጅ ስለመጣ አንተ መጣህ ይባላል እንዴ?

አሁን ወደ ጦርነቱ። ሰውዬው ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነገር የራሱን ክርክር ነው የሚያፈርሰው። ማረጋገጫው የሚታመነው እኮ ጎረቤታሞቹ ስለማይተማመኑ ነው!

እኛ ጋ የመጨረሻዋ በሽተኛ ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ነሐሴ 1968 ነበር። በቃ ጨረስን ሳይባል ሞቃዲሾ ላይ በሽታው ፈነዳ። መጀመሪያ ላይ የሶማሊያ ባለሥልጣናት በሽተኞችን ደብቀው ነበር። ግን ታወቀባቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፈንጣጣ ሲሆን ደግሞ መደበቁም አያዋጣም፣ ፊት ላይ የሚወጣ በሽታ ነው። በተከታዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። የመጨረሻው፣ የመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛው አሊ ማው ማሊን፣ ጥቅምት 1970 ላይ የፈንጣጣ ሽፍታ ወጣበት። ኦጋዴን ውስጥ ጦርነቱ የጋለበት ወቅት ነው።

ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት "ኢትዮጵያ ነጻ ናት" ብሎ ብቻዋን አላሰናበታትም። ግመሉን እየነዳ ሳር የሚከተል አርብቶ አደር ድንበር መች ያውቃል? ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና ጅቡቲ አብረው እንዲመረመሩ ተደረገ። ከመጨረሻው በሽተኛ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍለጋ። ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ አልቀረም። የበሽተኛ ፎቶ እያሳዩ "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" እያሉ ጠየቁ። አጠራጣሪ ሽፍታ ሲገኝ ናሙናው አሜሪካ፣ አትላንታ ወይም ሶቪየት ኅብረት፣ ሞስኮ ወዳሉ ላብራቶሪዎች ይላካል። ልብ በሉ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው ይሄ! አንዱ ሲዋሽ ሌላው ዝም የሚልለት ይመስላችኋል?

ከዚያ ሽልማቱ አለ። ድርጅቱ በሽተኛ ለሚጠቁም 1 ሺህ ዶላር አቀረበ። በጊዜው ምንዛሪ ከ2 ሺህ ብር በላይ ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት በሬ ይገዛ እንደነበር አባቶቻችሁን ጠይቁ። ያ ሁሉ ብር ተንጠልጥሎ የጎረቤቱን ልጅ የማይጠቁም ሰው ካለ፣ እኔ በበኩሌ የኛን ሰፈር ሰው አላውቀውም ማለት ነው። ሽልማቱን ግን የወሰደ የለም።

ጦርነቱ ፍለጋውን አስተጓጉሏል፣ እሱን አልክድም። የኛ አገሩ ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለነበርም ሁሉም ላይ ጠባሳ አይተውም። ግን ቫይረሱ ለመኖር በየሁለት ሳምንቱ ገደማ አዲስ ሰው ይፈልጋል። ሰው በተበታተነበት በረሃ፣ ማንም ሳያየው፣ ሁለት ዓመት ከሰው ሰው እየዘለለ? ይሄን የሚያምን ሰው ነው እኛን የዋህ የሚለን።

አራቱም አገሮች ነጻ መሆናቸው ናይሮቢ ላይ የተነገረው በጥቅምት 1972 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ለዓለም አወጀ። አዎ፣ ወረቀት ተፈርሟል። ሰውዬው ያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ከወረቀቱ በፊት በእግሩ፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር የዞረውን ሁሉ በአንድ ቃል ሰረዘው።

እስቲ ዕድሜው ከ45 በታች የሆነ፣ ፊቱን ፈንጣጣ የበላው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይዞ ይምጣ። እዚያው ሬዲዮ ጣቢያ።