ጓዶች ስለ ልብስ ሲጨነቁ

የታሽኬንት ጓዶችን ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም። እ.ኤ.አ. በ1927 የሶቪየት ኡዝቤኪስታን ኮሚኒስት ፓርቲ ሴቶችን ከመከናነብ ነጻ ለማውጣት ዘመቻ ከፈተ። ስሙን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ሁጁም»። ጥቃት ማለት ነው። ነጻ ላውጣሽ ብሎ መጥቶ ስሙን ጥቃት የሚል፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል!

ማርች 8 ደረሰ። አደባባዩ በሰው ሞላ። ሴትየዋ መድረክ ላይ ትወጣለች። ፓራንጂዋን፣ ያን ከራስ እስከ እግር የሚወርደውን ካባ፣ ታወልቃለች። ፊቷን የጋረደው ከፈረስ ጭራ የተሠራ ቻችቮንም ይከተላል። ሁለቱም እሳት ውስጥ። ጭብጨባ! ጸሐፊው ይመዘግባል፦ አንድ ነጻ ሴት። በማግስቱ የሰፈሩ ስድብና ማስፈራሪያ ሲበዛባት ሌላ ፓራንጂ ፈልጋ ትለብሳለች። ይህን የሚመዘግብ የለም። ሪፖርት ወደ ላይ እንጂ ወደ ኋላ አይሄድማ።

ከሁሉም አንጀቴን ያራሱት ግን ባሎች ናቸው። የፓርቲ አባል ከራሱ ሚስት እንዲጀምር ታዟል። እሱም ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንደተከናነበች ናት። ቁጭ ብሎ እራቱን ይበላል። እንዲህ ነው እንጂ! የሰው ሚስት ትገለጥ፣ የእኔዋ ትቆየኝ። (ስብሰባ ያዘወተረ ሰው ይህን አባል በመልክ ያውቀዋል።)

ጥበቃስ? ኧረ እሱ ጥቃቅን ነገር ነው። የማርጊላኗ ወጣት ተዋናይት ኑርኾን ዩልዳሼቫ ፓራንጂዋን ጥላ መድረክ ላይ ወጣች። በ1929 የገዛ ወንድሟ በጩቤ ገደላት። በዚያ ሰሞን እንደሷ የተገደሉት ብዙ ናቸው። መንግሥት ግን ዝም አላለም። ቆይቶ ሐውልት አቆመላት።

ሐሳቡ እዚያው አልቀረም፤ ተሻግሮ ባልካን ገባ። በ1950 የኮሚኒስት ዩጎዝላቪያ አካል የነበረችው ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ፈረጃና ዛር የሚባሉትን መሸፈኛዎች በሕግ ከለከለች። (የእኛው ዛር አይደለም፣ ልብስ ነው። አለቃቀቁ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሚያስለቅቅሽ።) ሕጉ አድልዎ የለበትም። የለበሰችም ትቀጣለች፣ አስገድዶ ያስለበሳትም ይቀጣል። አስገድዶ ያስወለቃትስ? እሱማ ደሞዝተኛ ነው።