ባዶው ጠብታ ሳይፈተሽ ውጤት አይነገር

በጠብታ ማይክሮፍሉይዲክስ (ፈሳሽን በጠባብ ቦይ እያሳለፉ ጥቃቅን ጠብታ በማድረግ ዘዴ) የሚሠራ ባዮሴንሰር፣ ማለትም ሕይወታዊ ሞለኪውል የሚለይ መሣሪያ፣ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ቪዲዮ ነው፤ እኩል የሆኑ ጠብታዎች በዘይት መሃል ተሰልፈው ያልፋሉ። ያምራል። ወዲያው «ይህን ያህል ጥቂት ሞለኪውል ይለያል» የሚል ቁጥር ይከተላል። በመሃል የተዘለለው ግን ዋናው ፈተና ነው፤ ባዶዎቹ ጠብታዎች እስከ ንባቡ ድረስ ባዶ ሆነው ቆይተዋል ወይ?

ሞለኪውል አንድ በአንድ ለመቁጠር ናሙናው በአማካይ ለ10 ጠብታ 1 ሞለኪውል እስኪደርስ ይቀጥናል። በፖይሰን ስሌት (በዘፈቀደ የሚበተን ነገር የዕድል ቀመር) ከ100 ጠብታ 90 ያህሉ ባዶ ይሆናል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚይዘው 0.5 በመቶ አይሞላም። ሞለኪውል የያዘው ጠብታ በማብራቱ ስለሚለይ፣ ከባዶዎቹ ጥቂቶቹ በሐሰት ቢያበሩ ቆጠራው ተበላሸ ማለት ነው።

ያበራሉም። ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ብዙ ጊዜ የሚለካው በሚለቀው ሬሶሩፊን በተባለ የሚያበራ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ በፍሎሪን ዘይቱ ውስጥ ያለው ሰርፋክታንት (ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚከላከል ንጥረ ነገር) ተሸክሞ ወደ ጎረቤት ጠብታ ያሻግረዋል። ጥፋቱ የዘይቱ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ኢንዛይሙ ነው።

ፈተናው ከባድ አይደለም። 10 ማይክሮሞላር ሬሶሩፊን የያዙ ጠብታዎችንና ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ ውህድ ውሃ) ብቻ የያዙትን ለየብቻ ሠርቶ አንድ ቱቦ ውስጥ መቀላቀል፣ ከዚያ ወዲያው፣ ከ1 ሰዓትና ከ4 ሰዓት በኋላ ብርሃናቸውን መለካት። የብርሃኑ ሂስቶግራም (ጠብታዎቹ በብርሃናቸው መጠን የተቆጠሩበት ግራፍ) ሁለት ጉብታ ያሳያል። የጨለማው ወደ ቀኝ፣ የብሩሁ ወደ ግራ ከተንሸራተተ ቀለሙ እየሾለከ ነው። ያኔ ሰርፋክታንቱን ጠብታዎቹ እስካልተዋሃዱ ድረስ መቀነስ፣ ውሃው ውስጥ ቢኤስኤ የተባለ ፕሮቲን መጨመር፣ ወይም ዝግ ብሎ ወደሚሾልከው ቀለም ፍሉረሲን መዞር ይረዳል።

የጠብታው መጠንም ከቪዲዮ አይገመት። ፓምፑ በሰዓት 360 ማይክሮሊትር ውሃ እየገፋ በሴኮንድ 1000 ጠብታ ከወጣ አንዱ 100 ፒኮሊትር (የማይክሮሊትር 1/10,000)፣ ስፋቱም 58 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ የሚለካው ጠብታው ከተጠፈጠፈበት ጠባብ ቦይ ሳይሆን ጥልቅ ክፍል ውስጥ ነው። ስፋቱ 5 በመቶ ቢዛባ ይዘቱ 15 በመቶ ያህል ይዛባል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ትልቅ ሲሪንጅ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ፓምፕ የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ነው፤ አነስ ባለ ሲሪንጅ ይቀንሳል። ጠብታዎቹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ከሆነ ደግሞ ቦዩ የተሠራበት የሲሊኮን ጎማ (ፒዲኤምኤስ) ለማጣበቅ በፕላዝማ ከታከመ በኋላ ውሃ እንዲገፋ አልታከመም።

በመጨረሻ የሚፈለገው ሞለኪውል የሌለበት ናሙና በዚያው ዘይት፣ በዚያው የቆይታ ጊዜ ይነበብ። ከ10,000 ጠብታ 1 በሐሰት የሚያበራ መሣሪያ ከ100,000 ውስጥ 1 አገኘሁ ሊል አይችልም።