‹እንዴት ነው የምትጠፋው?› ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ

ዲኤክሴ፣ አሮጌዋ ቶዮታዬ፣ ኋላ ኮፈን ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ። የወፍጮ መጅ ያክላል፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከክሪኩም ከተቀያሪ ጎማውም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ወላሂ ቦሎ ሲታደስ እሱንም አብረው ሊብሬው ላይ ቢጽፉት አይከፋኝም።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የማድረው ደሴ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስተህ 2,500 ገደማ ላይ ነው የምትወጣው፤ መሐል ላይ ደግሞ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ተቀምጦ ይጠብቅሃል። መኪናዬ ከኮምቦልቻ ስትነሳ ሙሽራ ናት። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ምንም አትልም። ጠመዝማዛው ላይ ስትደርስ ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ አቅም የለም። ትንተፋተፋለች፣ ሁለት ሦስቴ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ኋላዬ ሲኖትራክ። ጉሙ ወርዷል። ልጄ ድንጋዩን ይዞ ይዘልና ጎማ ስር ይሸጉጣል። ክላክስ በክላክስ። “ጋሼ፣ ዳር ያዝ እንጂ!” ዳሩ ገደል ነው የኔ ጌታ፣ የቱን ልያዝ?

አስር ደቂቃ ቆማ ቁልፉን ሳዞር ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ይሄ ነው ሰውን የሚያሳብደው።

ጠዋት ቁልቁል ስወርድ የጠፋችብኝ ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ አየር አንድ ሁለቴ ከረገጥኸው በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በሁለት እግሬ ቆሜበት፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በሁለተኛ ማርሽ አንቄ ነው ያቆምኋት። ባለቤቴ ያን ቀን እስከ ማታ አላናገረችኝም።

እና ጋራዥ ሄድሁ። አንድ አይደለም፣ አራት።

አንደኛው ኮፈኑን ሳይከፍት “ካንዴላ ነው” አለ፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ማለቱ ነው። አራቱንም ቀየርሁ። በማግስቱ ሐረጎ ላይ ቆምሁ።

ሁለተኛው “ካርቡሬተር ነው ጋሼ፣ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል” አለኝ። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም፤ የካርቡሬተር መኪና ከፍታ ላይ በእርግጥ ይታፈናል። ግን ቤንዚን የበዛባት መኪና ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል። የኔ ካንዴላ ሲወጣ የተቆላ ቡና መልክ ነበረው። ደግሞስ አስር ደቂቃ ስቆም ሐረጎ ዝቅ ይልልኛል እንዴ? እዚያው ቦታ፣ እዚያው አየር ላይ አይደል የምትነሳው? ብዬ ጠየቅሁት። “አብሽር፣ እናጥባታለን” አለ። ታጠበች። ሚኒሞዋም ተበላሸ፣ አሁን ቀይ መብራት ላይ ትንቀጠቀጣለች።

ሦስተኛው ኤሌክትሪሻን ነው። “ቦቢና ነው፤ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል።” እውነቱን ልናገር፣ ይሄ አሳመነኝ። ቦቢና ለካንዴላው ኃይለኛ መብራት የሚልክለት ዕቃ ነው፤ ጠባዩም በትክክል እንደዚያ ነው። “ኦርጅናል” የተባለ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን “ለናሙና” ብሎ እሱ ዘንድ አስቀረው። በማግስቱ የት እንደቆምሁ ገምቱ።

አራተኛው ኮምፒውተር ላይ አስነብባት አለኝ። ካርቡሬተር ያላትን፣ የ1985 (እ.ኤ.አ.) ዲኤክስ! ውስጧ ያለው ከሁሉ የረቀቀ ዕቃ ሬዲዮዋ ነው፤ እሱም አይሠራም። ኮምፒውተሩ ምን ያንብብ፣ ታርጋዋን?

የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አራቱም አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም፦ እንዴት ነው የምትጠፋው? ቡና የምታቀርብልህ ሴት እንኳ ጨው ነው ስኳር ብላ ትጠይቅሃለች! መኪና እንደ አምፖል ድርግም ካለች ነገሩ የመብራት ነው፦ ቦቢና፣ የቁልፉ ገመድ፣ የላላ የባትሪ እግር። እያሳለች፣ እየተንገጫገጨች፣ አቅም እያጣች ከጠፋች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ አልደረሳትም ማለት ነው፦ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ዝገት። መለየቱም ሳንቲም አያስወጣም። ልክ በጠፋችበት ደቂቃ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለህ ትርፍ ካንዴላ ትሰካበታለህ፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት አስነክተህ አንድ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖ ይምታ። ሰማያዊ እሳት ከተፋ መብራቱን ተወው፣ ወደ ነዳጁ ሂድ። ቤንዚን የሚንጠባጠብበት አጠገብ ብቻ አታድርገው። በቃ። ግን ይሄ እንዲሆን መካኒኩ መኪናዋ በጠፋችበት ቦታ መገኘት አለበት፤ ሐረጎ ድረስ ማን ይመጣልሃል? ጋራዥ ውስጥማ ሁሌም ሙሽራ ናት።

በመጨረሻ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የነዳጅ መለኪያዋ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ዓርብ ማታ፣ ያው ቦታ ላይ፣ ምናልባት ቤንዚን አልቆ ይሆናል ብዬ በጀሪካን የያዝሁትን ልጨምር የታንከሩን ክዳን ፈታሁ።

ፉሽሽሽሽ።

ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ውስጥ። ታንከሩ አየር ሳበ። ልጄ “አባዬ፣ ምን ጠጣች?” አለኝ። ቁልፉን አዞርሁ፤ አስር ደቂቃ ሳልጠብቅ፣ በመጀመሪያው ተነሳች።

ያኔ ትዝ አለኝ። አሮጌውን ክዳን ባቆምሁበት ሰርቀውኝ ነበር። ያን ሰሞን ላስቲክ ጠቅጥቄበት ስሄድ ሰንብቼ፣ ቁልፍ ያለው አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ለካ የድሮው ክዳን ውስጡ አየር የምታስገባ ትንሽ መተንፈሻ ነበረችው፤ አዲሱ ድፍን ነው። ቤንዚኑ ይወጣል፣ በቦታው የሚገባ አየር የለም። ሃይላንድ ውሃ አፍህን ሳታነሳ ብትመጠው ጎኑ ተጨምድዶ መጨረሻ ላይ ምንም እንደማይመጣልህ፣ ፓምፗም እንደዚያ እየሳበች እየሳበች ትደክማለች። ስቆም አየሩ በቀስታ ሰርጎ ይገባል፣ ትነሳለች። መጥፋት የጀመረችው ክዳኑ በተለወጠ በሳምንቱ ነው! እኔም አልነገርኋቸው፣ እነሱም “በቅርቡ ምን ነክተሃል?” አላሉኝ። የኔን ድርሻ አልክድም። ግን እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ብሩን የበሉት እነሱ ናቸው።

መተንፈሻ ያለው ክዳን ፈልጌ ገጠምሁ። ሦስት ሳምንት ሐረጎን ሳልቆም ወጣሁ። ልጄም ድንጋዩን ላውጣው ወይ ሲለኝ ትንሽ ይቆይ አልሁት።

ትናንት ደሴ ፒያሳ መሐል ጠፋች። አልተንተፋተፈችም፣ አላሳለችም። እንደ አምፖል ድርግም። ኮፈኑን ከፍቼ ያን “ኦርጅናል” ቦቢና ብነካው እጄን ለበለበኝ። ለኤሌክትሪሻኑ ደወልሁ።

“ወንድም ዓለም፣ ያ አሮጌው ቦቢናዬ አለ?”

“እሱማ ደህና እኮ ነበር ጋሼ፣ ለሌላ ዲኤክስ ገጠምሁት።”