ማሲንቆውን ከአዳራሹ ለምን አስወጣችሁት?

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ የተጠናቀቀውን ትልቅ የቴክኖሎጂና የባህል ፌስቲቫል ያዘጋጁት ሰዎች ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሁለቱን ለመለየት ወስነዋል። አዳራሹ ለቴክኖሎጂ ብቻ ይሆናል፤ አዝማሪው፣ የመንዙማ ቡድኑና ሸማኔው ማታ ማታ ለእንግዶች መዝናኛ ይቀርባሉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ውሳኔውን ሲያብራሩ ባህል ለመንፈስ እርካታ፣ ቴክኖሎጂ ግን ለእንጀራ እንደሆነ፣ ወጣቱም የባህሉን ድንኳን እንዳልጎበኘ፣ በዓለም ያሉ ታላላቅ ፌስቲቫሎችም ሁለቱን ለያይተው እንደሚሠሩ ተናገሩ። ይህ የተባለው ወሎ ውስጥ ነው፤ ባቲ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በምትርቅበት ከተማ።

በፌስቲቫሉ ላይ የቆየሁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ደሴ የምደርስበት ለቅሶ ነበረብኝ። ቢሆንም ኮምፒውተር የማስተምራቸውን ጥቂት ተማሪዎች አስከትዬ ከደሴ ቁልቁለቱን ወርጄ ነበርና ያየሁትን አይቻለሁ።

“የዓለም ልምድ” ከሚባለው ልጀምር። የትኛው ዓለም ነው እንዲህ የሚሠራው? በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ የሚካሄደው አርስ ኤሌክትሮኒካ የተባለው የኪነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል በዘርፉ ከቀደምቶቹና በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። ሊንዝ እንደ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ስሟ የሚነሣው በብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፌስቲቫሉን ሲጀምሩ ምን አደረጉ? በራሷ በሊንዝ ካቴድራል ኦርጋን ይጫወት የነበረውን የ19ኛው መቶ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ የአንቶን ብሩክነርን ስምንተኛ ሲምፎኒ በዳንዩብ ወንዝ ዳር በግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ለቀቁት፤ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወጥቶ ሰማ። የከተማዋን የገዛ ሙዚቀኛ መግቢያው በር ላይ አቆሙት። አሜሪካ ኦስቲን ውስጥ የሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስትም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወለድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነበር፤ ፊልሙና መልቲሚዲያው የተጨመሩት በ1994 ነው። ቴክኖሎጂው ወደ ሙዚቃው ቤት መጣ እንጂ ሙዚቃውን ከቤቱ አላስወጣውም። እንግዲህ ዓለምን ምስክር የሚጠራ ሰው ምስክሩ ምን እንደሚል አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ወጣቱ ወደ ባህሉ ድንኳን አልሄደም ለሚለውም መልስ አለኝ። ድንኳኑን የተከሉት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ነበር። ወደዚያ የሚያመለክት ጽሑፍ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መስመር አልነበረም። ማይክሮፎን አልነበረም። የማሲንቆ ድምፅ ከጄኔሬተር ጩኸት ጋር እንዲታገል አድርገው ሲያበቁ የሰሚውን ቁጥር ቆጠሩ። አዳራሹ ውስጥ ግን መብራት፣ ወንበር፣ ተርጓሚና የሚመራ ሰው ሁሉ ነበር። በእነዚያ አራት ሰዓታት እኔ ብቻ መንገዱን የሚጠይቁ ከሃያ የማያንሱ ልጆችን ወደ ድንኳኑ መርቻለሁ። አልሄደም ሳይሆን እንዳይሄድ ተደርጓል።

ልቤን ያቆሰለው ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ያየሁት ነገር ነው፤ ዋናው ጉዳዬም እሱ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ በስልኩ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ መተግበሪያ ነበረው። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ አምባሰል ሲጫወቱ ስልኩን ወደ ማሲንቆው አስጠጋ። መርፌዋ አረንጓዴው ላይ አላርፍ አለች፤ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ቀይ ታበራለች። ልጁ ዞር ብሎ “መምህር፣ ተሳስተዋል ይላል” አለኝ። ሽማግሌው ሰምተውት ኖሮ ቀስታቸውን አነሡና “አብሽር ልጄ፣ እሱ አምባሰልን ሰምቶ ስለማያውቅ ነው” አሉት።

ከዚህ የተሻለ የቴክኖሎጂ ንግግር በዚያ ፌስቲቫል ላይ አልተደረገም። መተግበሪያው የሚያውቀው አንድ ኦክታቭ (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ራሱን እስኪደግም ያለው ርቀት) በ12 እኩል ደረጃዎች የተከፈለበትን የፒያኖ ሥርዓት ነው፤ መነሻው አድርጎ የያዘውም በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ከዚያ ልኬት ውጪ ያለውን ሁሉ “ስሕተት” ይለዋል። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ አንገቱ ላይ የጣት ምልክት የለም። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ጆሮ ነው፤ ያ ጆሮ ደግሞ በአባትና በልጅ፣ በሠርግና በዝየራ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልኬት አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን እነዚህ ናቸው። ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም በግልጽ ይዘዋል፤ ሌሎቹንም ከወሎ ለይቶ የሚጠራ ሰው ብዙ አታገኙም።

አምባሰልና አንቺሆዬ ከአንድ መነሻ ድምፅ ቢቃኙ ከአምስቱ ድምፆቻቸው ሦስቱን ይጋራሉ። የሚለያዩት በቀሩት ሁለቱ ነው፤ ልዩነቱም በፒያኖ ልኬት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ብቻ ነው። ያችን ግማሽ ድምፅ ያንቀሳቀሰ ሰው አንዱን ቅኝት ወደ ሌላው ይለውጠዋል። ዛሬ በየስቱዲዮው የዘፋኝን ድምፅ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ የወጣውን ድምፅ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ቁልፍ ይጎትተዋል። አንድ የወረኢሉ ወይም የቦረና ልጅ ከእናቱ የወረሰውን የድምፅ መንሸራተት ይዞ ስቱዲዮ ይገባል፤ ሲወጣ መንሸራተቱ ተላጭቶ፣ ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ማንም ክፉ አላሰበም። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አምባሰልን ስላላወቁት፣ የሚያውቁት ሰዎችም ማሽኑ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ስላልተቀመጡ ነው።

መፍትሔ የለውም የሚለኝ ሰው ካለ ያማሃንና ኮርግን ይመልከት። ለአረብ ገበያ ሩብ ድምፅ (የግማሽ ድምፅን እኩሌታ) የሚያወጡ ኪቦርዶች ይሠራሉ። የአረቡ ጆሮ ልኬት ወደ ማሽኑ ከገባ የእኛ የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው? የሽማግሌውን ጣት መቅረጽ፣ እያንዳንዱ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መለካት፣ ከሌሎች አዝማሪዎች ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያ አራቱን ቅኝቶች የሚያውቅ መቃኛ መጻፍ፤ ይህ የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሽማግሌው፣ ልጁና ኮምፒውተሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው ነው። አዘጋጆቹ በውሳኔያቸው የከለከሉትም ይህንኑ ነው። ድንኳኑ ከጄኔሬተሩ ጎን ሳለ እንኳ በአጋጣሚ ተገናኝተው ነበር። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን አንዱ ቀን፣ ሌላው ማታ ይመጣል፤ ጨርሶ አይተያዩም።

ወጣቱ እንጀራ ይፈልጋል ለሚለው አልከራከርም። ፕሮግራም መጻፍ ይማር፤ እኔም ደመወዜን የማገኘው ይህንኑ አስተምሬ ነው። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ እንዳየሁት ሮቦት ገጣጥሞ ማስጨፈር ብቻ እንጀራ የሚሆንለት ልጅ ስንት ነው? የሮቦቱ ክፍሎች ከውጭ ተገዝተው መጡ፣ መመሪያው ከውጭ መጣ፣ የሚጨፍርበት ሙዚቃ እንኳ ከውጭ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አሥራ ሁለት ጠረጴዛዎች አንዱም በአማርኛ የሚሠራ ነገር አላሳየም፤ አንድ በአንድ ዞሬ ቆጥሬያለሁ። የኛ ልጅ ከዓለም ጋር የሚወዳደረው ዓለም በማያውቀውና እሱ በሚያውቀው ነገር ነው።

የፊደላችንን ነገር እንዴት ረሱት? ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ራሱ ዘሎ አልገባም። የእንስሳት ሐኪም የነበሩትን ዶክተር አበራ ሞላን የመሰሉ ሰዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌሊት ከእንቅልፋቸው እየቀነሱ ሠርተውበታል፤ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተውም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ፊደሉን “ለመንፈስ እርካታ ነው” ብለው ትተውት ቢሆን ኖሮ የፌስቲቫሉ አዘጋጆች የጥሪ ወረቀታቸውን በምን ይጽፉት ነበር?

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከደሴ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በገዳሙ አበምኔት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀው ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ፎቶውን ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አሜሪካ ሚኒሶታ ያለውን የማይክሮፊልም ስብስብ ነው። ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወሰዱት 350 ያህል መጻሕፍት የተቀመጡት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ፎቶ ተነሥተው ድረ ገጽ ላይ ስለነበሩ እኔም ለተማሪዎቼ ከደሴ ሆኜ አሳይ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ የሳይበር ጥቃት ደረሰበትና ገጾቹ ጠፉ፤ ለወራት አልተመለሱም። እስከማውቀው ድረስ ከመቅደላ የሄደው መጽሐፍ ቅጂው እንኳ መቅደላን በያዘው በወሎ ምድር አንድ ሰርቨር ላይ የለም። በየዛውያው በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፉት የመንዙማ ግጥሞችስ? የዐጀም ጽሑፍ የሚያነብ ሼህ በየዓመቱ እያነሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቅጂ የሌለው ነገር እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚያልፍ ያየን ሰዎች ነን። ስካነሩና ሼሁ፣ ካሜራውና መነኩሴው መገናኘት የነበረባቸው በዚህ ፌስቲቫል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ባለ ሦስት አውታረ መጠን (3D) ማተሚያ ቆሞ የፕላስቲክ ዝሆን ሲያትም ዋለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሼህ ጥራዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ሲያጡ ቆይተው ሄዱ።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አሉ፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ አዝማሪ፣ ሸማኔ፣ የመንዙማ ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። ሊንዝ በ1979 ስትጀምር ከዚህ የበለጠ ምን ነበራት? አንድ ሙዚቀኛዋን የማታፍርበት ልብ ነበራት።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ያ ተማሪ ስልኩን ይዞ ጠበቀኝ። ሽማግሌውን አስፈቅዶ አምባሰሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀርጾት ኖሯል። እሑድን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ድምፆቹን አንድ በአንድ ለክቶ በደብተሩ ላይ በሠንጠረዥ ጽፏቸዋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከፒያኖው ልኬት የት እንደሚርቁ በቀይ ከብቦባቸዋል። አምባሰልን የሚያውቅ መቃኛ ሊሠራ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፌስቲቫል ላይ ከሽማግሌው ጋር ሆኖ ማሳየት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ የት ይመዘገብ? አዳራሹ ማሲንቆ አይቀበልም፤ የማታው መድረክ ኮምፒውተር አይቀበልም። አዘጋጆቹ መልሱን ይንገሩኝ፤ ልጁ እየጠበቀ ነው።